ማጅራት ገትር ላመመው ልጅ መሣሪያ ይቅደም ወይስ የምልክት ቋንቋ?

ጥያቄ (ከአንዲት እናት)
የሦስት ዓመት ልጄ አፉን በደንብ ፈትቶ ነበር። ከአምስት ወር በፊት ማጅራት ገትር ታሞ ከዳነ በኋላ ግን ስጠራው መዞር አቆመ፤ በኤቢአር (የመስሚያ ነርቭና አንጎል ለድምፅ የሚሰጡትን ምላሽ በሚለካ) ምርመራም ሁለቱም ጆሮዎቹ እስከ 95 ዴሲቤል ለደረሰ ድምፅ ምላሽ እንዳልሰጡ ተነገረን። የመስሚያ መሣሪያ ብንገዛለትም ለውጥ አላየንም፤ እያፏጨ ስለሚረብሸው አውጥቶ ይጥለዋል። ሐኪሙ አሁን ኮክሌር ኢምፕላንትን (በቀዶ ሕክምና ውስጠኛው ጆሮ ውስጥ የሚተከል የመስሚያ መሣሪያን) አንሥቶልናል፤ ቤተሰቤ ደግሞ «የምልክት ቋንቋ ካስለመድሽው ያወቀውንም ቃል ይጥላል» ይለኛል። ከየት ልጀምር?

መልስ (የመስማት ምርመራ ባለሙያ)
እህቴ፣ የእርስዎ ጉዳይ ጊዜ አይሰጥም። ከማጅራት ገትር በኋላ ኮክሊያ የሚባለው የውስጠኛው ጆሮ ክፍል በአጥንት እየተደፈነ ሊሄድ ይችላል፤ ይህ ከሆነ የኢምፕላንቱን ኤሌክትሮድ (ምልክቱን የሚያደርሰውን ቀጭን ሽቦ) ማስገባት ይከብዳል። ስለዚህ ስለ ቀዶ ሕክምናው ገና ባትወስኑም እንኳ የኤምአርአይና የሲቲ ስካን ምርመራው ሳይዘገይ ይደረግለት። የመሣሪያው ማፏጨት ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ጆሮው ውስጥ የሚገባው ሞልድ ሲላላ ነው፤ የሕፃን ጆሮ ስለሚያድግ ሞልዱ በየጥቂት ወሩ መቀየር አለበት። ሆኖም ጉዳቱ እርስዎ የገለጹትን ያህል ከሆነ፣ ሞልዱ ቢስተካከልም ንግግር ለይቶ መስማቱን እጠራጠራለሁ። ኢምፕላንት ድምፅን አያጎላም፤ ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ለውጦ በቀጥታ ለመስሚያ ነርቭ ያደርሳል እንጂ። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ማጅራት ገትርን ከሚያስከትሉ ባክቴሪያዎች አንዱን የሚከላከለው የኒሞኮካል ክትባት መሟላቱንም ያረጋግጡ።

መልስ (የኢምፕላንት ተጠቃሚ ልጅ አባት)
የልጄ ቀዶ ሕክምና ውጭ አገር ተሠርቶ ከተመለስን በኋላ የመሣሪያው ገመድ ተበጥሶ፣ መለዋወጫው እስኪመጣ ሁለት ወር ያለ ድምፅ ቆየች። በዚያ ጊዜ ያግባባን ቀድመን የተማርነው ጥቂት ምልክት ነበር። ከመወሰንዎ በፊት መሣሪያውን በየጊዜው የሚያስተካክልልዎ ባለሙያ፣ ባትሪውና ገመዱ የት እንደሚገኙ ይጠይቁ።

መልስ (መስማት የተሳናቸው ልጆች መምህር)
ቃሉን የሚያስጥለው የራሱን ድምፅ አለመስማቱ ነው እንጂ ምልክት መማሩ አይደለም። ፊት ለፊት እያያችሁ በአፍም በእጅም አነጋግሩት፤ የሚያውቃቸውን ቃላት በየቀኑ አስጠሩት። የኢትዮጵያ የጣት ፊደል ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱ የእጅ ቅርጽ አለው፤ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉት ሰባቱ ድምፆች ደግሞ በእጅ እንቅስቃሴ ይለያሉ። ስለዚህ ልጅዎ ሀሁን በእጁ መቁጠር ይችላል። አዲስ አበባ ከሆኑ አልፋ የተባለውን መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት፣ ወደ ደቡብ ከሆኑ የሆሳዕናውን መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት ሄደው ይዩ። መደበኛ መዋዕለ ሕፃናት ከመረጡ ግን መምህርቷ ወደ ሰሌዳው ዞራ የምትናገር መሆን አለመሆኗን አንድ ጠዋት ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ይመልከቱ።