የክበባችን ሞዴል ባቡር ማዶ ጥግ ሲደርስ ይቆማል፤ ከየት እንጀምር?

ጠያቂዋ፣ ባሕር ዳር
ሰላም ለቤቱ። ዓባይ ማዶ ያለው ክበባችን በሁለት ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋ የሞዴል ባቡር መስመር አለው፤ መጠኑ ኤችኦ (1፡87፣ ማለትም ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰ)፣ በ12 ቮልት ዲሲ የሚሠራ። ክረምቱን ተዘግቶ ከርሞ መስከረም ላይ ብንከፍተው ባቡሩ ፓወር ሰፕላዩ አጠገብ ይፈተለካል፣ በደንገል ያስጌጥነው ሐይቅ ዳር ሲደርስ ግን እያዘገመ ይቆማል። ጠረጴዛዎቹ የሚጋጠሙበት ላይም አንዱ ከፍ ብሎ ፉርጎ ይገለብጣል። ሀዲዱን በብርጭቆ ወረቀት ደጋግመን ፈገፈግነው፤ ለአንድ ቀን ይሻለውና መልሶ ይብስበታል። ልጆቹ ደግሞ ወደ ዲጂታል (ዲሲሲ፣ ለእያንዳንዱ ባቡር ለብቻው ትዕዛዝ የሚልክ) እንቀይረው ይላሉ። ያለችን ገንዘብ ትንሽ ናት።

ባለቴስተሩ
እህቴ፣ ገንዘቡን ገና አትንኩት። ቴስተር ተዋሱና ባቡሩ እየሄደ የሁለቱን ሀዲድ ቮልት ለኩ፦ መጀመሪያ ፓወር ሰፕላዩ አጠገብ፣ ቀጥሎ ማዶ። ባቡሩን አንስታችሁ ከለካችሁ ምንም አይታያችሁም፤ ከረንት ካልፈሰሰ ቮልቱም አይወርድም። ልዩነቱ ከጎላ ጥፋቱ የቆሻሻ ብቻ አይደለም፤ ሀዲድን ከሀዲድ የሚያያይዙት ቆርቆሮ መጋጠሚያዎች ላልተዋል ወይም ውስጣቸው ጠቁሯል።

ለቤት መስመር የሚሆን 2.5 (ካሬ ሚሊ) ሽቦ ጥንድ አድርጋችሁ ከጠረጴዛው ሥር ዳር እስከ ዳር ዘርጉ። ከእሱ ለእያንዳንዱ የሀዲድ ቁራጭ ቀጭን አጭር ሽቦ እያወጣችሁ በይዱ። ቀዩ የውስጠኛው ሀዲድ ከሆነ እስከ መጨረሻው የውስጠኛው ይሁን፤ አንድ ቦታ ከተምታታ ሾርት ነው። ብየዳው በሀዲዱ የውጭ ጎን ይሁን፣ አለዚያ ጎማው ይነካዋል። ግራና ቀኙ ላይ እርጥብ ጥጥ አድርጉ፤ ከሥር ያለው የፕላስቲክ ርብራብ ቶሎ ይቀልጣል።

ሞባይል ጠጋኙ
ብርጭቆ ወረቀቱን ጣሉት! ጭረት ይተዋል፣ ቆሻሻው ጭረቱ ውስጥ ይሸሸጋል። እኛ ቦርድ የምናጥብበት አይሶፕሮፒል አልኮልና ክር የማይተው ጨርቅ ይበቃል። ደግሞ ጎማዎቹን ማን አያቸው? ሀዲድ አጽድቶ ጎማ መተው እግር ሳይታጠቡ ካልሲ እንደመቀየር ነው። አልኮል የነካ ጨርቅ ሀዲዱ ላይ አንጥፉ፤ ሎኮሞቲቩን ግማሽ ጎማው ጨርቁ ላይ፣ ግማሹ ባዶው ሀዲድ ላይ ሆኖ በእጅ ያዙትና ከረንት ስጡት። ባለበት ሲሽከረከር ጨርቁ ላይ ሁለት ጥቁር መስመር ያወጣል። ከዚያ አዙራችሁ የቀሩትን ጎማዎች። ጨርቁ ይርጠብ እንጂ አይንጠባጠብ፣ መስኮትም ክፈቱ፤ አልኮል እሳት ይይዛል።

አናጢው
ጠረጴዛው ከምንድን ነው?

ጠያቂዋ
ላዩ ችፑድ ነው።

አናጢው
በቃ፣ የጣና ዳር ክረምት ሥራውን ሠርቷል። ያበጠ ችፑድ ወደ ነበረበት አይመለስም። የመጋጠሚያውን ዳር ብቻ ቆርጣችሁ ኮምፔንሳቶ ተኩበት፤ ላዩንም ሥሩንም፣ በተለይ የተቆረጠውን ጠርዝ ቫርኒሽ አጠጡት። እርጥበት ቀድሞ የሚገባው በጠርዝ ነው። ጠረጴዛዎቹን በብሎን አጥብቃችሁ ስታበቁ ነው ሀዲዱን የምታስተካክሉት። እዚያ መጋጠሚያ ላይ ሀዲዶቹን እርስ በርስ አትበይዱ፣ ትንሽ ክፍተት ተዉ፤ እንጨቱ በክረምት ይነፋል፣ በበጋ ይኮማተራል።

የድሬው ልጅ
ዲጂታሉ ይቆየን። ዲሲሲ ትዕዛዙን የሚልከው በዚያው ሀዲድ ስለሆነ የላላ ግንኙነት ይበልጥ ያውከዋል። ወፍራሙ ሽቦ ግን ያኔም አይባክንም። በነገራችን ላይ የእናንተ ሀዲድ ስፋት (በሁለቱ ብረቶች መካከል 16.5 ሚሊ) የአሁኑ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር (1,435 ሚሊ) ለ87 ሲካፈል የሚመጣው ልክ ነው። የጥንቱ ባለ 1 ሜትር ስለነበር በ1፡87 ወደ 11.5 ይወርዳል። የድሮውን ባቡር መሥራት ካማራችሁ ባለ 12 ሚሊ ሀዲድ ፈልጉ፤ እኔ በበኩሌ ሰፊ ሀዲድ ላይ የድሮ ፉርጎ ሳይ ዓይኔን ይቆረቁረኛል።

ጠያቂዋ
ለካን፦ አጠገቡ 11.8፣ ማዶ 7.4። 2.5 የለንም፣ ከሌላ ሥራ የተረፈ 1.5 ሽቦ ግን አለ። ይሆናል?

ባለቴስተሩ
ከ4 ቮልት በላይ መንገድ ላይ ቀርቷል፣ ሌባው ተገኘ። ለሁለት ጠረጴዛ 1.5 ይበቃል። ፓወር ሰፕላዩን ግን ከጫፍ ሳይሆን ከሽቦው መሃል አገናኙት፤ ስትበይዱ ከሶኬት ንቀሉት።