ጥያቄ፦ ክሊኒኩ ራሱ ሊያስተካክለው የሚችል የዓይን ስዕል እንዴት ልሥራ?

ጠያቂ (ድሬዳዋ፣ ከዚራ)
ሰላም ቤተሰብ። የሎጎና የባነር ዲዛይን ነው የምሠራው። ሰሞኑን አንድ የዓይን ክሊኒክ የግድግዳ ፖስተር አዘዘኝ። ዓይን ተቆርጦ ውስጡ ሲታይ፣ የሞራ ግርዶሽ፣ ግላኮማና ትራኮማ የቱን ክፍል እንደሚይዙ ለታካሚ የሚያሳዩበት ነው። ጽሑፉ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ይሁን ብለዋል። ፋይሉንም በኋላ ራሳቸው ማስተካከል ይፈልጋሉ።
አንድ ስዕል ከኢንተርኔት አውርጄ በኢሉስትሬተር (የስዕል ፕሮግራም ነው) ኢሜጅ ትሬስ አደረግሁት፤ ምስሉን በራሱ ወደ ቅርጾች የሚቀይር ትዕዛዝ ነው። ከሩቅ ያምራል። የአይሪሱን (በብሌኑ ዙሪያ ያለውን ባለ ቀለም ክፍል) ቀለም ልቀይር ስል ግን ብዙ ቦታ ተቆራርጦ፣ ግማሹም ከሌንሱ ጋር ተጣብቆ አገኘሁት። አማርኛው ደግሞ እነሱ ኮምፒውተር ላይ ባዶ ሳጥን ብቻ ሆነ። ማስረከቢያዬ ሐሙስ ነው፤ እባካችሁ።

መልስ ፩ (ሐረር፣ ሰዓሊ)
እህቴ፣ ትሬሱን ተይው። ትሬስ ቀለም ነው የሚለየው፤ የቱ ሌንስ፣ የቱ አይሪስ እንደሆነ አያውቅም። ያወረድሽው ስዕልም ባለቤት አለው። መነሻ ከፈለግሽ «ሰርቪየር ሜዲካል አርት» የሚባለው የሕክምና ስዕሎች ድረ ገጽ ምንጩን እስከጠቀስሽ ድረስ ለንግድም ይፈቅዳል።
እኔ ብሆን ከባዶ እሠራዋለሁ። የአዋቂ ሰው ዓይን ከፊት ወደ ኋላ 24 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አሥር እጥፍ አድርጊውና 240 ሚሊ የሆነ ክብ ሥሪ። ኮርኒያው (ከፊት ያለው ግልጽ ሽፋን) ወጣ ያለ ስለሆነ ሌላ 160 ሚሊ ክብ ከፊቱ ደርቢበት፤ ወጣ ያለችው ቁራጭ ኮርኒያሽ ናት። ሌንሱ 40 ሚሊ ውፍረት፣ 90 ሚሊ ቁመት ይበቃዋል። ከትልቁ ክብ በኦፍሴት ፓዝ (ቅርጹን በእኩል ርቀት በሚደግመው ትዕዛዝ) ወደ ውስጥ እየገባሽ ስክሌራን (ነጩን የውጭ ሽፋን)፣ ኮሮይድን (የደም ሥሮቹን ሽፋን)፣ ሬቲናን (ብርሃን ተቀባዩን ሽፋን) ታወጫለሽ። እያንዳንዱ የተዘጋ ቅርጽ ይሁን፣ የራሱ ሌየር (ንብርብር) እና ስም ይኑረው። ቀለሙን ግሎባል ስዋች (የጋራ ቀለም) ካደረግሽው አንዴ ስትቀይሪው ሁሉም ቦታ ይቀየራል።

መልስ ፪ (ድሬዳዋ፣ የዓይን ነርስ)
እኔ ደግሞ ስለ ይዘቱ ልበል፤ ታካሚ የሚያምነው ያየውን ነውና። «ሞራ» ስለሚባል ብዙ ሰው ዓይን ላይ የተጋረደ ቆዳ ይመስለዋል። ስዕሉ ላይም ከኮርኒያው ፊት ለፊት መጋረጃ የሚሥሉ አይቻለሁ። የሚደፈርሰው ሌንሱ ራሱ ነው፤ ከአይሪሱ ኋላ ያለው። እባክሽ እሱን አደፍርሺው።
ብሌን ቀዳዳ ነው፤ ተቆርጦ ሲታይ ጥቁር ነገር አታድርጊበት፤ በላይኛውና በታችኛው አይሪስ መካከል ክፍት ተይው።
ለትራኮማ የዐይን ቆብ ያስፈልግሻል፤ ስለዚህ ከላይ ወደ ታች የተቆረጠ ዓይን ሣይ። የላይኛው ቆብ ውስጡ ጠባሳ ይዞ፣ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ ኮርኒያውን ሲፍቅ ይታይ። ለግላኮማ ደግሞ የዓይን ነርቩ ከዓይን የሚወጣበትን ቦታ፣ እንዲሁም አይሪስና ኮርኒያ የሚገናኙባትን ጥግ አትርሺ። የዓይን ውሃ የሚወጣው በዚያች ጥግ ነው።

መልስ ፫ (ድሬዳዋ፣ ሳቢያን፣ ህትመት ቤት)
አቦ፣ ሳጥኑ የፎንት ጉዳይ ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ነፃ ነው፤ ከፋይሉ ጋር አብረሽ ስጫቸውና ይጫኑት። ሁለት ፋይል ያዢ። አንዱ ጽሑፉ የሚስተካከል፣ ሌላው ጽሑፉ ወደ አውትላይን (ፊደሉ ወደ ተራ ቅርጽ) የተቀየረ ፒዲኤፍ። ለእኛ የምትልኪው ሁለተኛውን ነው። አውትላይን ያደረግሽውን ግን በዋናው ላይ ሴቭ እንዳታደርጊ፤ ከዚያ በኋላ ጽሑፉ አይመለስም።
ሦስቱን ቋንቋ በሦስት ሌየር ለያያቸው። ኦሮምኛውና ሶማሊኛው በላቲን ስለሚጻፍ ቦታ ይበላል፤ ቦታውን በረጅሙ ቃል ለኪ። ከሁሉ በፊት ግን ምን ፕሮግራም እንዳላቸው ጠይቂ።

ጠያቂ
አሁን ደውዬ ጠየቅኋቸው፤ ያላቸው ፓወርፖይንት ብቻ ነው!

መልስ ፫
እንግዲያው ስዕሉን ያለ ጽሑፍ አውጪና ፓወርፖይንት ላይ አስገቢው። ስሞቹንና ጠቋሚ መስመሮቹን እዚያው በቴክስት ቦክስ ጻፊ። የኢሉስትሬተሩን ፋይልም አብረሽ አስረክቢ።

ጠያቂ
ተባረኩ። ትሬሱን አጥፍቼ ክቡን ጀምሬያለሁ። ነርሷ እህቴ፣ ሌንሱን ስጨርስ ቀለም ሳልቀባ ልላክልሽ?

መልስ ፪
ላኪልኝ። ማታ ከሥራ ስወጣ አየዋለሁ።