የዋልታ ራዳር ፕሮፖዛል፦ እስከ ዓርብ ይለቅ

(በጂማ የማኅበራችን አባላት ውይይት፤ ተናጋሪው ሁሉ በሰፈሩ ስም ተጠርቷል።)

የጅሬኑ፦ ረቂቁን ከላክሁ ሳምንት ሆነው፤ ያነበባችሁት ሁለት ናችሁ። መዋጮው የወጣው ሱፐርዳርን የተባለው ዓለም አቀፍ መረብ ራዳሮች ከዋልታው አዮኖስፌር፣ ማለትም ኤሌክትሮንና አዮን ከሞላበት የላይኛው ሰማይ፣ የሰበሰቡትን ዳታ ከተማሪዎች ጋር ለመተንተን ነው። እንደ አምናው በአዳራሽ ኪራይ አይለቅ።

የሂርማታዋ፦ «የአዮኖስፌር ሁከት» የሚል ርዕስ ላይ ማኅተም አላደርግም። ደብዳቤው ቀበሌ ይገባል። ሁከት የሚል ወረቀት ይዤ ማን ፊት ልቁም?

የኪቶው፦ «ብጥብጥ»ስ?

የሂርማታዋ፦ ባሰ!

የመርካቶው፦ ነውጥ።

የሂርማታዋ፦ እሱም ያው ነው።

የጅሬኑ፦ ማኅተሙ የማኅበሩ እንጂ የአንቺ አይደለም! ሦስት ወር የሠራሁበትን በአንድ ቃል ታስቀሪዋለሽ?

የሂርማታዋ፦ ቀበሌ ተጠርቼ የምሄደው እኔ ነኝ፣ እርስዎ አይደሉም።

የአጂፑ፦ ተረጋጉ። ራዳሩ በ10 ሜጋኸርዝ ሲልክ የሞገዱ ርዝመት 30 ሜትር ነው። ጠንካራ ማሚቶ የሚመልስለት የዚያ ግማሽ፣ በየ15 ሜትሩ የሚደጋገም የኤሌክትሮን መብዛትና ማነስ ነው። አዌቱ ወንዝ በክረምት ሞልቶ ሲናወጥ ያየ ሰው ይገባዋል። እኔ ክፍል ውስጥ «መናወጥ» እላለሁ።

የሂርማታዋ፦ መናወጥ ይሁን። ጋሼ፣ ቃሉን ነው እንጂ ሥራዎን አልጠላሁም።

የጅሬኑ፦ እኔም ድምፄ ከፍ ብሏል። ዳታውን አወርዳለሁ ያለው ልጅስ?

የመርካቶው፦ ከጥምቀት ወዲህ ጠፍቷል።

የኪቶው፦ ታዲያ ለምን ዋልታ? 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ኤሌክትሮኖች አዮኖቹን ጥለው በፕላዝማው (ኤሌክትሮንና አዮን በተቀላቀለበት ጋዝ) ውስጥ ካለው የድምፅ ፍጥነት በላይ ሲሮጡ መናወጥ ይነሣል። ሳይንቲስቶቹ ፋርሊና ቡነማን በ1963 እ.ኤ.አ. ያስረዱት ይህ ነገር በመግነጢሳዊው የምድር ወገብም አለ። ወገቡ ደግሞ በአገራችን ላይ ያልፋል! ጂፒኤስ መቀበያ እዚሁ እንትከል፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ሲግናሉ ሲዋዥቅ ልጆቹ በዓይናቸው ይዩ።

የጅሬኑ፦ መቀበያ ራዳር አይደለም። በጂፒኤስ የምታየው ደግሞ በአብዛኛው ከዚያ በላይ ያለውን ንብርብር ነው። የዋልታውን የሚገፋው ከፀሐይ ነፋስ (ፀሐይ ከምትለቀው የቅንጣት ጅረት) የሚመጣ ኃይል ነው፤ የእኛ ሌላ ነው። ለማወዳደር ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

የመርካቶው፦ ገንዘቡ ለሁለት አይበቃም። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ባትሪ ይፈልጋል።

የሂርማታዋ፦ «በጂማ ሰማይ የአዮኖስፌር መናወጥ ክትትል» ብዬ ጽፌዋለሁ። ዋልታው አባሪ ይሁን። የባትሪ ዋጋ ማን ይጠይቅ?

የኪቶው፦ እኔ፣ ነገ።

የጅሬኑ፦ አባሪ ከሆነም አሥራ አንዱም ገጽ ይግባ። አንድ መስመር እንዳይቀነስ።