«ሞድሊን» ሆደ ባሻ ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ወዳጆች። የማነበው የእንግሊዝኛ ታሪክ ውስጥ አንድ ሰውዬ ሲጠጣ ቆይቶ «ሞድሊን» ሆነ ይላል። «ሆደ ባሻ» ብዬ ብተረጉመው ያስኬዳል?

መልስ፦ አያስኬድም። ሆደ ባሻነት ጠባይ ነው። ትንሽ ነገር የሚከፋውን፣ እንባው ቅርብ የሆነውን ሰው ነው እንዲያ የምንለው፤ ስንለውም እያዘንንለት ነው። ሞድሊን ግን ነቀፋ ነው። ስሜቱ ልክ አጥቷል፣ አጠገቡ ያለውን ያሳቅቃል እንደማለት። ለንግግርም፣ ለዘፈንም፣ ለፊልምም ይባላል።

ምንጩ ደግሞ ደስ ይላል። መግደላዊት ማርያም ናት! እንግሊዞች ድሮ ስሟን የሚጠሩት እንደዚያ ነበር። በኦክስፎርድና በካምብሪጅ በስሟ የተሰየሙት ሁለት ኮሌጆች ዛሬም «ሞድሊን» ነው የሚባሉት። ፊደሉን አይቶ «ማግዳለን» ያለ እንግዳ ወዲያው ይታወቅበታል።

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 20 መቃብሩ አጠገብ ቆማ ታለቅሳለች። በሉቃስ 7 የጌታን እግር በእንባዋ ያራሰችው ሴት ግን ስሟ አልተጻፈም። የሮማው ጳጳስ ጎርጎርዮስ ቀዳማዊ እ.ኤ.አ. በ591 ባሰማው ስብከት ሁለቱን አንድ ሴት አደረጋቸው፤ ምዕራባውያንም ያንኑ ይዘው ቀሩ። ሠዓሊዎቻቸውም እንባ እያፈሰሰች ሣሏት። ስሟ የእንባ ስም ሆኖ የቀረው በዚህ ነው።

ከመጠጥ ጋር መያያዙም የቆየ ነው። እንግሊዛዊው ጸሐፊ ቶማስ ናሽ በ1592 ሰካራሞችን በስምንት ዓይነት ሲከፍል፣ አምስተኛው ሞድሊኑ ነው። ቢራው መሀል ፍቅር ይይዘውና እያለቀሰ ይስምሃል። ይህን ሰውዬ የማያውቅ አለ?

ሌላ አባል፦ ታዲያ ለቅሶ ቤት ደረቷን ለምትደቃ እናትም ይባላል?

መልስ፦ ኧረ በፍጹም! ነውር ነው። እውነተኛ ሐዘን ሞድሊን አይባልም። ቃሉ የሚመጣው እንባው ከምክንያቱ ሲበልጥ ነው።

ጠያቂ፦ እሺ፣ «ሆድ ባሰው» ብለውስ?

መልስ፦ ይቀርባል፣ ግን አሁንም ያዝንለታል። እኔ ብሆን «ሞቅ ሲለው ማለቃቀስ ጀመረ» እላለሁ። «ማልቀስ» ሳይሆን «ማለቃቀስ»፤ ንቀቷ ያለችው እዚያ መደጋገሟ ላይ ነው። ለፊልም ከሆነ ግን «አልቃሻ ፊልም» ይበቃል።