ለመጀመሪያ ጊዜ የተከሰሰ ሰው ከቅጣት በፊት ምን ዕድል አለው?

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ ከዚህ ቀደም አንድም ጥፋት ያልነበረበት ታናሽ ወንድሜ በገበያ ቀን በተነሣ ጠብ ሰው መትቶ ተከሷል። በአሜሪካ እንዲህ ያለ ሰው የተሰጠውን ግዴታ ከፈጸመ ክሱ ሊቋረጥለት እንደሚችል ሰምቻለሁ፤ በእኛስ ሕግ?

መልስ፦ በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 191፣ የቀድሞ ጥፋት የሌለበት ሰው ወንጀሉ ከ3 ዓመት በማይበልጥ ቀላል እስራት የሚያስቀጣ ከሆነ፣ ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ሳይወስን በፈተና ጊዜ (ማለትም ጠባዩ በሚታይበት የተወሰነ ጊዜ) ሊያቆየው እንደሚችል ይደነግጋል። ከአሜሪካው ጋር ያለው ልዩነት ግን ትንሽ አይደለም፤ የእኛው የሚመጣው ጥፋተኝነቱ ከተረጋገጠ በኋላ ነው።

ሌላ መልስ፦ ጉዳቱ ቀላል ሆኖ ክሱ በግል አቤቱታ (ተበዳዩ ራሱ ሲያመለክት ብቻ) የሚቀርብ ከሆነ፣ ሽማግሌ ልካችሁና ካሳ ከፍላችሁ ብትታረቁ ተበዳዩ አቤቱታውን ሊያነሣ ይችላል። ጉዳቱ ከባድ ከሆነ ግን እርቁ ቅጣት ከማቅለል አያልፍም።