ለጠባብ ቤት ውሻ፦ ለድሬዳዋ ሰው የምጠቁመው

ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ሁለት ክፍል ቤት የተከራየ የሥራ ባልደረባዬ «ትንሽ ውሻ ፈልግልኝ» አለኝ። ለምን ትንሽ? «ቤቱ ጠባብ ነዋ!» እኔ በዚህ ከተማ በጋራ ግቢ ውስጥ ሦስት ውሾች አሳድጌአለሁ። ከቁመቱ በፊት የሚጠየቀው ሌላ ነው፦ ውሻው ሙቀቱን ይችላል? ጎረቤትስ ውሻውን ይችለዋል?

ውሻ እንደ እኛ በላብ አይቀዘቅዝም፤ ሙቀቱን የሚያስወጣው በዋናነት በማለክለክ ነው። አፍንጫቸው የተደፈጠጠ እንደ ፐግና ቡልዶግ ያሉ ዝርያዎች ቁመታቸው ለጠባብ ቤት የተለካ ይመስላል፤ በሰኔ ቀትር ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ግን ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ለድሬዳዋ አልመክራቸውም። ፑድልና ማልቲዝ ይሻላሉ፤ ጸጉራቸው ብዙም አይረግፍም። ነገር ግን ማደጉን አያቆምም፤ ካልተከረከመም ይቋጠራል። መቀስ የመያዝ ትዕግሥት የሌለው ሰው ይተዋቸው።

ሁሉም የሚመኘው ጀርመን ሼፐርድ ነው። ወንዱ ከ30 እስከ 40 ኪሎ ይመዝናል፣ ጸጉሩ ድርብ ነው፣ በየቀኑ ረጅም የእግር ጉዞ ይፈልጋል። ጠባብ ግቢ ውስጥ ታስሮ ሲውል ጠባቂ ሳይሆን ጯሂ ይወጣዋል። እዚህ ደግሞ ከ6 እስከ 9 ሰዓት ከተማው ጋደም የሚልበት ጊዜ ነው፤ በዚያ ሰዓት የሚጮኽ ውሻ ያለው ተከራይ ከአከራዩ ጋር ብዙ አይሰነብትም። ሐረር ለሚኖር ሰው ምክሬ ትንሽ ይላላል፤ ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ስትሆን ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ናት፣ ቀኑም ቀዝቀዝ ይላል።

የእኔ ምርጫ የአገር ውሻ ነው፤ እሱም ዓመት ያለፈው። አጭር ጸጉርና መካከለኛ ቁመት አለው፣ ሙቀቱን ለምዷል፣ ጠባዩም ታይቶ ይወሰዳል። ቡችላ ግን ዕጣ ነው። የግድ ቡችላ ካላችሁ ከ8 ሳምንት በፊት ከእናቱ አትለዩት። አንድ ሻጭ «ሁለት ወር ሞልቶታል» ብሎ የሰጠኝ ጥርሱ እንኳ በቅጡ አልወጣም ነበር፤ ሌሊቱን በሲሪንጅ ወተት ሳጠጣው አነጋሁ።

ጎረቤትን አስቀድማችሁ አነጋግሩ። በድሬዳዋ የሻፊዒን መዝሃብ (ከእስልምና የሕግ መንገዶች አንዱን) የሚከተል ጎረቤት ብዙ ነው፤ በዚህ መዝሃብ የውሻ ምራቅ የነካው ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ መታጠብ አለበት። የመጀመሪያው ውሻዬ ከጎረቤታችን እናት ሳፋ ውኃ ጠጣ። ሊቆጡ ነው ብዬ ስጠብቅ «ልጄ፣ ውሻህን አልጠላሁትም፤ ሳፋዬን ግን አንተው እጠበው» አሉኝ። ሰባት ጊዜ አጠብኩ፣ እሳቸው እየቆጠሩ። ከዚያ ወዲህ የውሻ ሳህን ከጋራው ቧንቧ አጠገብ አስቀምጬ አላውቅም።

ክትባትን በተመለከተ፣ የመንግሥት የእንስሳት ክሊኒክ በዋጋ ይረክሳል። ችግሩ መድረሱ ነው፤ ውሻ የሚጭን የባጃጅ ሹፌር ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ቤት ድረስ የሚመጣ የግል ሐኪም ያስከፍላል፣ ያሳርፋልም። በሁለቱም ዘንድ የምጠይቀው ግን አንድ ነው፦ ክትባቱ የት ነው ያደረው? የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለበት። አንዱ ሐኪም ከሸሚዙ ኪስ ሲያወጣው አይቼ ከበር መልሼዋለሁ፤ በዚህ ሙቀት ከውኃ መውጋት አይለይም። በበረዶ ሣጥን ይዞ ለሚመጣ ግን ጨምሬ እከፍላለሁ። የመጀመሪያው በ3 ወር ዕድሜ ይሰጣል፣ ዓመት ሲሞላም ይደገማል፤ ካርዱን አትጣሉ። ለከበደ ሕመም የደንገጎን ተራራ መንገድ ሽቅብ ወጥቶ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲን የእንስሳት ሕክምና ሐኪሞች መጠየቅ ይበጃል።

ምግብ ላይ ብዙዎቻችን እንሳሳታለን። የወጥ ትራፊ የተነከረበት እንጀራ ሽንኩርት አለው፤ ሽንኩርት ደግሞ የውሻን ደም ይጎዳል። የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም ተሰንጥሮ አንጀት ይወጋል። እኔ ከሥጋ ቤት ርጋፊ ሥጋ እገዛና ያለ ሽንኩርትና ያለ በርበሬ ከሩዝ ጋር እቀቅላለሁ። ከውጭ የሚገባው ደረቅ መኖ ለሥራ ሰው ይመቻል፤ ትልቁን ከረጢት ግን አትግዙ፣ አንዴ ከተከፈተ ስቡ በሙቀት ቶሎ ይበላሻል።

ማታ ውሻውን ደጅ አታሳድሩት፤ ከዳር ሰፈሮች ጅብ አይጠፋም። ሽርሽሩም ጎህ ሲቀድ ወይም ከመግሪብ በኋላ ይሁን። አስፋልቱን በእጃችሁ ጀርባ ንኩት፤ እናንተን ካቃጠለ መዳፉንም ያቃጥለዋል።

ባልደረባዬ በመጨረሻ ዓመት ከመንፈቅ የሆናት ቡናማ የአገር ውሻ ወሰደና «ባቡር» ብሎ ስም አወጣላት። ቀትር ላይ አልጋው ሥር ሲሚንቶው ላይ ተዘርግታ ትተኛለች። እሱ አሁን ቤቱ እንዴት እንደሰፋ ሳይሆን፣ ያ ቀዝቃዛ ቦታ እንዴት እሷን ብቻ እንደደረሳት ነው የሚያማርረው።