ባይኖኩላሬ ወድቆ ሁለት ሁለት ያሳየኛል፤ ነገ ጠዋት 14 ልጆች ይጠብቁኛል

የጦሳ ልጅ
ሰላም ቤቶች። በጣም አስቸኳይ ነው። ዛሬ ከሰዓት ከባጃጅ ስወርድ ባይኖኩላሬ ከነቦርሳው ድንጋይ ላይ ወደቀ። መስታወቱ አልተሰበረም። ግን ሳይበት ሁሉም ነገር ሁለት ነው። አንዱ ቁራ ሁለት፣ አንዱ የመብራት ምሰሶ ሁለት። ነገ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ለሰፈር ልጆች የመስቀል ወፍ ላሳይ ቃል ገብቻለሁ። 14 ናቸው። ደሴ ውስጥ የሚጠግን ሰው ታውቃላችሁ? ወይስ ራሴ ልፍታው? ካቻቢቴ አለኝ። ቶሎ መልሱልኝ በእናታችሁ።

ሰኞ ገበያ
አንዱን ሁለት ካደረገልሽ ምኑን ታስጠግኚዋለሽ? ለኔ ሽጪልኝ። ደመወዜን አይበታለሁ።

አቡ ሐሊማ
አብሽሪ እህቴ። ደረቅ ሩዝ ውስጥ ቅበሪውና ይደር። የኔ ስልክ ውሃ ገብቶበት በሩዝ ነው የዳነው።

የጦሳ ልጅ
ውሃ አልነካውም ወንድሜ። ወደቀ ነው ያልኩት።

ሸዋ በር
ልጄ፣ በቅድሚያ የመስቀል ወፍ የሚባለውን ነገር አስተካክለሽ ንገሪያቸው። ሰው ሁሉ በመስከረም ከሆነ አገር መጥታ፣ ለመስቀል ታይታ የምትሄድ ይመስለዋል። «የመስቀል ወፍና የአደይ አበባ ቀጠሮ አላቸው» እያልን አድገን ነው። ወፉ ግን የትም አይሄድም። ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ነው። በበጋ ወንዱም እንደ ሴቷ ቡናማ ዝንጉርጉር ስለሚሆን ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ክረምት ሲገባ ላባውን ይቀይራል። እንደ ከፋይ ጥቁር ይሆንና ትከሻውና ወገቡ ላይ ያለው ቢጫ ፍንትው ብሎ ይታያል። ይሄ ሁሉ ሽር ጉድ ለሚስት ነው፣ ለደመራ አይደለም። ዝናቡ ሣሩን ያሳድጋል፣ ሣሩ ዘር ይይዛል፣ ትሉም ይበዛል። ጫጩት የሚያድገው ያኔ ነው። መኸሩ ሲደርስ ጌጡን አራግፎ ከሴቶቹ ጋር መንጋ ይሆንና የገበሬውን እህል ይለቅማል። ያኔ ማንም አይዘፍንለትም፣ በወንጭፍ ነው የሚባረረው።

እውነተኞቹ እንግዶች ሌሎች ናቸው። ከብት እግር ሥር ጅራቷን እያወዛወዘች የምትራመደውን ቢጫዋን አይተሻት ይሆናል። እሷ ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽታ መስከረም አካባቢ ትገባለች፣ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ትመለሳለች። በበጋ ጦሳ ተራራ ላይ ከሚያንዣብቡት ንስሮችም ከፊሎቹ የሩቅ አገር ሰዎች ናቸው። የኛ የሆነውን ግን ሳታሳያቸው እንዳትመለሺ። ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት ወፍራም ምንቃሩ ቁራ አለ አይደል? እሱን ፈረንጅ ባሕር ተሻግሮ ነው ሊያይ የሚመጣው። እኛ ድንጋይ እንወረውርበታለን።

ሰኞ ገበያ
ጋሼ፣ ግሩም ነው። ስለ ባይኖኩላሩ ግን አንድ ቃል አልወጣዎትም።

ሸዋ በር
እሱን የሚያውቅ ይመልስ። እኔ የማውቀውን ነው የተናገርኩት።

ኮምቦልቻ
ይቅርታ ጋሼ፣ የመስቀል ወፍ እኮ ጅራተ ረጅሟ ናት። ጥቁርና ነጭ፣ ምንቃሯ ቀይ፣ ጅራቷ ከራሷ የሚረዝም። አያቴ ስታሳየኝ ነው ያደግኩት።

ሸዋ በር
እሱም ወንዱ ነው የኔ ልጅ፣ «እሷ» አትበል። ጅራቱም የክረምት ነው፣ በኋላ ይረግፋል። ሴቷ ደግሞ ጎጆ መሥራት አታውቅም። እንቁላሏን ሌላ ወፍ ጎጆ ውስጥ ጥላ ትሄዳለች። አያትህ አልተሳሳቱም። አገሩ ሁሉ በመስከረም የደመቀለትን ወፍ ነው የመስቀል ወፍ የሚለው። ወደ ቆላው ብትወርድ ደግሞ ቀዩን ያሳዩሃል።

ኮምቦልቻ
እሺ፣ ቀዩንስ እኔም አይቻለሁ። ጨፋ በኩል ማሽላው ውስጥ ፍም ይመስላል። የጦሳ ልጅ፣ ለምን ልጆቹን ይዘሽ ወደኛ ወደ ኮምቦልቻ አትወርጂም? የሐረጎን ተራራ ዞር ዞር ብለሽ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ሙቀት አለ፣ ደሴ ላይ በዚያ ሰዓት ጭጋግ ነው።

የጦሳ ልጅ
14 ልጅ በምን ላውርድ? ታክሲ ማን ይከፍላል? ባይኖኩላሩን ንገሩኝ እባካችሁ። መሸ።

አይጠየፍ ሥር
አሁን ነው ያየሁት። ካቻቢቴውን አስቀምጪ፣ ምንም እንዳትፈቺ። መጀመሪያ እነዚህን መልሺልኝ።
አንድ ዓይንሽን ጨፍነሽ በአንዱ ቱቦ ብቻ ስታዪ ጥርት ይላል? በሌላውስ?
ቀስ ብለሽ ስትነቀንቂው ውስጡ ኮሽ ኮሽ ይላል?
ቱቦዎቹ ቀጥ ያሉ ናቸው ወይስ ወደ ጎን ወጣ ብለው ትከሻ ያላቸው?
ላዩ ላይ የተጻፈው ቁጥርስ ስንት ነው?

የጦሳ ልጅ
በአንድ ዓይን ሳይ ጥርት ይላል። በግራም በቀኝም። ትከሻ ያለው ነው፣ የድሮ ዓይነት። ቁጥሩ 8 በ 40 ይላል። ኮሽታ ትንሽ አለ መሰለኝ። ወይ የማሰሪያው ብረት ይሆን? እንጃ።

አቡ ሐሊማ
ኮሽ የሚል ከሆነ ጠል ገብቶበታል። ሩዝ።

አይጠየፍ ሥር
አቡ ሐሊማ ወንድሜ፣ ጠል ኮሽ አይልም። ጠል ቢሆን ደግሞ አንዱም ቱቦ ጥርት አይልላትም ነበር፣ ጉም ነበር የምታየው። ለጉምም ቢሆን ሩዝ ዱቄት አለው። ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘዋ እርጥበት መጣጭ ከረጢት ትሻላለች።

የጦሳ ልጅ፣ ችግሩ እንዲህ ነው። በየቱቦው ውስጥ ምስሉን የሚያቀኑ ሦስት ማዕዘን መስታወቶች አሉ። ሲወድቅ አንዱ ከቦታው ሸርተት ብሏል። አሁን ሁለቱ ቱቦዎች ወደ አንድ አቅጣጫ አያዩም። አንዱ ወፉን ያያል፣ ሌላው ከወፉ በላይ ያለውን ቅርንጫፍ። ለማረጋገጥ መስኮት ላይ ሆነሽ ራቅ ያለ የመንገድ መብራት እዪ። አንዱ ከላይ ሌላው ከታች ከሆነ ተበላሽቷል። ጎን ለጎን ትንሽ መራራቅን ዓይን ራሱ ይችለዋል። የላይና የታችን ግን አይችልም፣ ታግሎ ታግሎ ራስ ምታት ነው የሚያተርፍሽ። ልጆቹን እንደዛ እንዳታሳያቸው።

ትከሻ ባለው ዓይነት ላይ ከጎማው ልባስ ሥር መስታወቱን የሚገፉ ትንንሽ ብሎኖች አብዛኛውን ጊዜ አሉ። ትንሽ ሲዞሩ ምስሉ ብዙ ይሄዳል። ያንን ዛሬ ማታ በአምፖል መብራት፣ በተቻኮለ እጅ አትነኪውም። የተላቀቀ ካለ ደግሞ ስትከፍቺው እጅሽ ላይ ነው የሚወድቀው።

የጦሳ ልጅ
መብራቱን አየሁት። አንዱ ከላይ ነው አንዱ ከታች 😭 ታዲያ ነገ ምን ላድርግ?

ሮቢት
እኔ የማይገባኝ ባይኖኩላሩ ለምን እንዳስፈለገ ነው። ለ14 ልጅ አንድ ባይኖኩላር? ሲሻሙ ወፉ ይሄዳል፣ አንዱ ያለቅሳል። የመስቀል ወፍ እንደሆነ ሣር ጫፍ ላይ ወጥቶ ላባውን ነፍቶ «እዩኝ» ነው የሚለው። ዝም ብለው 20 ደቂቃ ቢቀመጡ በባዶ ዓይናቸው ያዩታል። እኛ ልጅ ሆነን ማን ባይኖኩላር ሰጠን?

የጦሳ ልጅ
እኔ ደግሞ ልጅ ሆኜ ከሩቅ ጥቁር ነገር ከማየት በቀር ቢጫውን አላየሁም። ለዚህ ነው።

ሰኞ ገበያ
በዚያ ሰዓት ከወጣችሁ ጅብም ታያላችሁ። ለእሱ ባይኖኩላር አያስፈልግም፣ ራሱ ይቀርባል 😂 ስቀልድ ነው፣ 12 ሰዓት ላይ ወደ ጉድጓዱ ገብቷል። ግን እንዴ፣ አንዱ ቱቦ ደህና ከሆነ ስልክሽን ለምን አትደግኚበትም? የአጎቴ ልጅ አይጠየፍ ኮረብታ ላይ ሆኖ ጨረቃን እንደዛ ነው ያነሳት። የስልኩን ካሜራ ዓይን የሚገባበት ላይ ገጠም ታደርጊያለሽ፣ ስክሪኑ ላይ ይመጣል። ልጆቹም በስልክ ስለሆነ ያምኑሻል።

አይጠየፍ ሥር
ሰኞ ገበያ፣ ዛሬ ገና ቁም ነገር ተናገርክ። አድርጊው እህቴ። ኮሽ የማይለውን ቱቦ ምረጪ። የማትጠቀሚበትን ቱቦ በክዳኑ ድፈኚው፣ ልጆቹን እንዳያምታታ። ዓይን ማረፊያው ላይ ያለውን ጎማ እጠፊው፣ ካሜራው ሲቀርብ ነው ክቡ የሚሰፋው። ብዙ ካሜራ ያለው ስልክ ከሆነ ዋናው የቱ እንደሆነ በጣትሽ እየሸፈንሽ ለዪ። ባይኖኩላሩን በእጅ ይዘሽ አትችዪም፣ 8 ጊዜ ሲያጎላ የእጅሽንም መንቀጥቀጥ 8 ጊዜ ያጎላል። የአጥር ድንጋይ ላይ ጋቢ አጣጥፈሽ አስቀምጪው። ስልኩን በሁለት የፀጉር ላስቲክ እሰሪው። መጀመሪያ በዓይንሽ ወፉ ያለበትን ሣር ያዢ፣ ከዚያ ነው ስልኩን የምትገጥሚው። ፀሐይዋን ከጀርባችሁ አድርጉ። ወደ ፀሐይ ማንም እንዳይደግነው፣ ይሄን ለልጆቹ ሦስቴ ንገሪያቸው።

የጦሳ ልጅ
ቆይ ልሞክር።

የጦሳ ልጅ
ኧረ ሠራ! የጎረቤት ጣሪያ ላይ የተኛችውን ድመት ጢሟን አየሁት! ላስቲኩ ይንሸራተታል እንጂ። ተባረኩ። ነገ ነግሬያችሁ።

ሸዋ በር
የጦሳ ልጅ፣ አንድ ነገር ልጨምር። ወፉ በአንዲት ቁጥቋጦ ዙሪያ እየተመላለሰ ከጮኸባችሁ ጎጆው እዚያው ሣር ውስጥ ነው። ልጆቹ እንዳይረግጡት መለስ በሉ።

አቡ ሐሊማ
አልሐምዱሊላህ። ለማንኛውም ሌሊቱን ሩዝ ውስጥ ይደር፣ አይጎዳም።

ኮምቦልቻ
ጠዋት 3 ሰዓት ሆነ። የጦሳ ልጅ፣ አያችሁ? ጥቁርና ቢጫው ነው ወይስ ጅራተ ረጅሙ? ከጋሼ ጋር ቡና ተወራርደናል።

ሮቢት
እንኳን ጠዋት፣ ማታም አልመለሰችም።

ኮምቦልቻ
የጦሳ ልጅ?

አዲስ ገቢ
ጽሑፉ የቆየ መሆኑን አይቻለሁ፣ ግን የኔም ሐይቅ ዳር ወድቆ ያው ሁለት ነው የሚያሳየው። እህቴ፣ በመጨረሻ የት አሠራሽው? ስንት አስከፈሉሽ?